ቪዲዮው ካምፓስ ውስጥ ይከፍታል፣ ቤት ሲደርስ ግን ብር ይጠይቃል

የዛሬዋ ጠያቂ የኬሚስትሪ ተማሪ ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ የምማረው ደሴ ነው፤ የምኖረው ግን ኮምቦልቻ ከቤተሰቦቼ ጋር ነው። መምህራችን ዩኒቨርሲቲው በላይብረሪ በኩል የሚያስገኛቸውን የላብራቶሪ ቪዲዮዎች ሊንክ በቴሌግራም ላከልን። ካምፓስ ውስጥ በዋይፋይ ይከፍታሉ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ቤት ስገባ ያው ሊንክ ‹ግዢ ወይም ተመዝገቢ› ይለኛል። ቪፒኤን ሞከርኩ፣ ባሰበት። ላፕቶፔ ላይ ደግሞ ገጹ ራሱ አይከፍትም። ፓኬጄ በሙከራ አለቀ። ምን ላድርግ?»

አብሽሪ እህቴ። ብሩን እንዳትከፍዪ። ዩኒቨርሲቲው አንዴ ከፍሎበታል፤ ድረ ገጹ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆንሽን ስላላወቀ ነው ዋጋ የሚያሳይሽ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የቪዲዮ አገልግሎት ሲገዛ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሮቹን ያስመዘግባል። አይፒ የሚባለው ነው። ከእነዚያ ቁጥሮች የመጣ ሰው ስሙን ሳይጠየቅ ያልፋል። በዩኒቨርሲቲው ሰርቪስ ተሳፍረሽ ስትገቢ ዘበኛው መታወቂያ እንደማይጠይቅሽ ቁጠሪው። ኮምቦልቻ ሆነሽ በሞባይል ዳታ ስትገቢ ግን የምትታዪው በቴሌኮሙ ቁጥር ነው።

ቪፒኤኑም ያባሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ቪፒኤን ግንኙነትሽን በሌላ ሰርቨር አዙሮ የሚያሳልፍ ፕሮግራም ነው፤ ከፕሌይ ስቶር የሚወርደው ነፃው ደግሞ በሆነ የውጭ አገር ቁጥር ነው የሚያወጣሽ። ድረ ገጹ ዘንድ ከኮምቦልቻ ብትመጪም ከአምስተርዳም ብትመጪም ያው እንግዳ ነሽ። እንዲያውም ረስተሽ ካልዘጋሽው ካምፓስ ውስጥም ቪዲዮው እምቢ ይልሻል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሰጠው ቪፒኤን ካለ እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ካምፓሱ ኔትወርክ የሚያስገባ ነውና ጠይቂ። በነገራችን ላይ «ካምፓስ ውስጥ አንዳንዴ ይከፍታል፣ አንዳንዴ አይከፍትም» የሚሉኝ ልጆች አሉ። ብዙ ጊዜ ዋይፋዩ ሲደክም ስልኩ ሳይነግራቸው ወደ ሞባይል ዳታ እየዞረ ነው። ዳታውን አጥፍታችሁ ሞክሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሊንኩ እንምጣ። መምህርሽ ሳይሆን አይቀርም ቢሮው ተቀምጦ ከብራውዘሩ አናት ላይ ያለውን አድራሻ ኮፒ አድርጎ ግሩፑ ላይ የለጠፈው። ያ አድራሻ በቀጥታ ወደ ቪዲዮው ድርጅት ነው የሚወስደው፤ ላይብረሪውን አይነካውም። ስለዚህ ከዚያ ሊንክ አትጀምሪ። በጉግል ፈልገሽም አትጀምሪ። ከላይብረሪው ገጽ ጀምሪ። እዚያ የኤሌክትሮኒክ ሪሶርስ ወይም የዳታቤዝ ዝርዝር ይኖራል፤ የቪዲዮውን አገልግሎት ስም እዚያው ፈልገሽ ንኪው። ከቤት መግባት የሚፈቀድ ከሆነ የተማሪ መለያሽንና ፓስወርድሽን ይጠይቅሻል።

ይህ ፕሮክሲ ይባላል። በአንቺና በቪዲዮው ድርጅት መካከል የላይብረሪው ሰርቨር ይገባል፤ ድርጅቱ የሚያየው የእሱን ቁጥር ነው። መሥራቱን የምታውቂበት ቀላል ምልክት አለ። ከገባሽ በኋላ የአድራሻውን መስመር እዪው። ከድርጅቱ ስም ኋላ የዩኒቨርሲቲሽ አድራሻ ተቀጥሎ ታዪዋለሽ፤ በድርጅቱ ስም ውስጥ ያሉት ነጥቦችም ብዙ ጊዜ ወደ ሰረዝ ይቀየራሉ። ቅጥያው ከሌለ ከፕሮክሲው ሾልከሽ ወጥተሻል ማለት ነው፤ ተመልሰሽ ከላይብረሪው ገጽ ጀምሪ። አንዳንድ ድረ ገጾች ደግሞ «በተቋምዎ በኩል ይግቡ» የሚል ቁልፍ አላቸው። እሱን ነክተሽ የዩኒቨርሲቲሽን ስም ከዝርዝሩ ፈልጊ። ስሙ ከሌለ በዚያ በኩል አልተመዘገበም፤ አካውንት ልክፈት ብለሽ አትልፊ።

ቴሌግራምም የራሱ ጣጣ አለው። ሊንኩን እዚያው ስትነኪው በቴሌግራም የውስጥ መስኮት ሊከፍተው ይችላል። ያ መስኮት ክሮም ላይ ፓስወርድ ማስገባትሽን አያውቅም፤ እንደገና ያስቆምሻል። ሦስቷን ነጥብ ነክተሽ በክሮም አስከፍቺው። መምህሩንም በትህትና ንገሪው፦ ከቪዲዮው ሥር ካለው የሼር ቁልፍ ቋሚውን ሊንክ ወስዶ፣ የላይብረሪውን የፕሮክሲ መነሻ ከፊቱ ጨምሮ ቢልክ ሙሉ ክፍሉ ይገላገላል። መነሻው ምን እንደሆነ የላይብረሪ ሠራተኞቹ ያውቁታል።

የላፕቶፕሽ ነገር ግን ሌላ በሽታ ይመስላል። መጀመሪያ ቀኑን እዪ። ዓመተ ምህረቱን በእኛ አቆጣጠር የሞሉበት ላፕቶፕ ሱቄ በየጊዜው ይመጣል። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። ኮምፒውተሩ ያን ያህል ወደ ኋላ ሲቀር የድረ ገጹ የደህንነት ሰርተፍኬት ገና ሥራ ያልጀመረ ይመስለዋል፤ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋል። ስልኩ ሰዓቱን ከኔትወርክ ስለሚወስድ ደህና ይሆናል፤ ገጹ ስልክሽ ላይ ተከፍቶ ላፕቶፕሽ ላይ እምቢ ማለቱ ቀኑን ያስጠረጠረኝ ለዚህ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል አድርጊው። የሰዓት ክልሉን ስትመርጪ አዲስ አበባን አታገኚም፤ ናይሮቢን ምረጪ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ላፕቶፑ ተዘግቶ ሲከፈት ቀኑ እየተመለሰ ካስቸገረሽ ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታለች። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት። ርካሽ ናት፣ ግን ላፕቶፑን ራስሽ አትፍቺው።

ቀኑ ትክክል ሆኖም ካልከፈተ በብራውዘሩ የግል መስኮት ሞክሪ። እዚያ ከከፈተ ችግሩ የተጠራቀመው ኩኪ፣ ማለትም ድረ ገጾች ብራውዘርሽ ውስጥ የሚያስቀምጡት ትንሽ መረጃ፣ ሳይሆን አይቀርም፤ አጥፊው። ምስሉ ሳይመጣ ገጹ ብቻ ከተከፈተ ደግሞ ማስታወቂያ ማገጃውን ለዚያ ድረ ገጽ ዝጊው።

ስለ ፓኬጁ። ቪዲዮ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ከሆነ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። 3 ሜጋቢት ከሆነ 1.35 ጊጋባይት። ማጫወቻው ለራሱ ከተተወ መስመሩ የቻለውን ያህል ጥራት ነው የሚጎትተው፤ ስለዚህ ጥርስ ያለው ጎማ የመሰለውን የማስተካከያ ምልክት ነክተሽ ጥራቱን 360 ላይ ቆልፊው። የንግግር ቪዲዮ ከሆነ 240ም ይበቃል። ቲትሬሽን ሲሠራ የቀለሙን ለውጥ ማየት ሲኖርብሽ ለዚያች ደቂቃ ብቻ ከፍ አድርጊው። ፍጥነቱን 1.5 ማድረግ ዳታ ይቆጥባል የሚባለውን አትመኚ፤ ያው ቪዲዮ ነው ቶሎ የሚወርደው።

ከሁሉ የምወደው ግን ትራንስክሪፕቱን ነው። ለላይብረሪ የሚሸጡ የትምህርት ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ንግግሩን በጽሑፍ ከጎን ያስቀምጣሉ። ቃል ፈልገሽ ዓረፍተ ነገሩን ስትነኪ ቪዲዮው እዚያው ቦታ ይሄዳል። የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ የምትፈልጊው 4 ደቂቃ ከሆነ ሌላውን ለምን ትከፍዪበታለሽ? ጽሑፉን አንብበሽ፣ ቦታውን መርጠሽ፣ ያቺኑ እዪ።

በማውረጃ ፕሮግራም ጎትቶ ቴሌግራም ላይ መበተን ግን ይቅርብሽ። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ማየትን እንጂ ማውረድን አይፈቅድም። ድርጅቶቹ ያልተለመደ አወራረድ ሲያዩ የአንድን ተማሪ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲውን ቁጥር በሙሉ ሊዘጉ ይችላሉ፤ ያኔ መምህሩም ተመራቂውም አብረው ይቀራሉ። ፓስወርድሽንም ለጓደኛ አታውሺ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ላይብረሪውን አነጋግሪ፤ ግን «አይሠራም» ብለሽ ብቻ አትጻፊ። የቪዲዮውን ርዕስ፣ የሞከርሽበትን ቀንና ሰዓት፣ በዋይፋይ ይሁን በዳታ፣ የመጣውንም መልእክት ስክሪንሾት ላኪ። መልእክቱ «የተጠቃሚ ቁጥር ሞልቷል» የሚል ከሆነ ውሉ በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው ለጥቂት ሰው ነው፤ ማታ ወይም በማለዳ ሞክሪ።

መልሱ «ከካምፓስ ውጭ አልተፈቀደም» ከሆነም አትቆሚ። ካምፓስ ስትሆኚ ትራንስክሪፕቱን እያየሽ ማስታወሻ ያዢ። ለንድፈ ሐሳቡ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ነፃ የትምህርት ገጽ፣ ኦፕን ኮርስዌር አለ፤ 5.111 የተባለው የኬሚስትሪ መግቢያ ኮርስ ሌክቸሩ በቪዲዮ ተቀምጧል። የህንዶቹ የትምህርት ገጽ ኤንፒቴልም የኬሚስትሪ ኮርሶች አሉት። ኤምአይቲው አካውንት አይጠይቅም፣ ማውረድም ይፈቅዳል። ካምፓስ ዋይፋይ ላይ አውርደሽ በፍላሽ ይዘሽ ወደ ኮምቦልቻ ውረጂ።