«ጫካ ጠባቂ ልትሆኚ ነው?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዲፓርትመንት ምርጫ የደረሰ ይመስላል። ሰሞኑን የሚመጣልኝ ጥያቄ አብዛኛው ከካምፓስ ነው። ስለ ኢኮሎጂ (ሕይወት ያላቸው ነገሮች ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠና ትምህርት) እና ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ትምህርት የጠየቃችሁኝን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። አንዳንዱን በአጭሩ፣ ወሬ የሚወደውን ደግሞ ረዘም አድርጌ።

ጋሼ፣ ፍሬሽማን ጨርሻለሁ። ኢኮሎጂ መማር እፈልጋለሁ። የዶርም ልጆች «ጫካ ጠባቂ ልትሆኚ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። አባቴም ሥራ የለውም ይላል። (ከሐዋሳ)

አባትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በተመረቅሽ ማግሥት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ ቀጣሪ የለም። ፓርኮች አሉ፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ፣ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ፣ የክልል ቢሮዎችና ኤንጂኦዎች አሉ። ብዙ ተማሪ የማያየው ግን ሌላ በር አለ። መንገድ፣ ፋብሪካ ወይም ግድብ ሲታሰብ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይሠራል። እዚያ መስክ ወጥቶ፣ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥሪያውን) ነክቶ፣ ንጹሕ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል።

ደግሞ ሐዋሳ ሆነሽ ወንዶ ገነት ቅርብሽ ነው። አንድ ቅዳሜ ሂጂና የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጁን ተማሪዎች አነጋግሪ። ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ለዶርም ልጆች «አዎ» ብለሽ እለፊያቸው።

ባዮሎጂ የመረጥኩት ከሒሳብ ሸሽቼ ነው። አሁን ስታቲስቲክስ አለ አሉኝ። እውነት ነው?

እውነት ነው ወንድሜ፣ አላመለጥክም። ጫካ ገብተህ 20 በ20 ሜትር ገመድ ትዘረጋለህ። በውስጡ ያለውን ዛፍ ሁሉ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ግንዱን ትለካለህ። ማታ ስትመለስ እጅህ ላይ ጭቃ የነካው ቁጥር የሞላበት ወረቀት ይቀርሃል። ደኑ እየተተካ ነው ወይስ ትልልቆቹ ብቻ ቀርተዋል የሚለውን የሚነግርህ ያ ቁጥር ነው። አር (R) የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነፃ ነው። ከአሁኑ ጀምረው።

የላቲን ስም ናላዬን አዞረው። በአማርኛ ብቻ ማወቅ አይበቃም? (ከደብረ ብርሃን)

አይበቃም፤ ግን በአማርኛ ጀምሪ። እስቲ «ጽድ» በዪ። የትኛው ጽድ? የሐበሻው ጽድ የእኛው ነው። የፈረንጁ ጽድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ከሩቅ ላየው ይመሳሰላሉ። ፍሬያቸውን ስታዪ ግን ነገሩ ይለያል። የሐበሻው ፍሬ የአተር ያህል ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። የፈረንጁ እንደ እንጨት የጠጠረ ድቡልቡል ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላቲን የመጀመሪያው ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ ሁለተኛው ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ ነው። ፍሬውን አንዴ በጣትሽ ካፍረጠረጥሽው ስሙ አይጠፋሽም።

አዲስ አበባ ስትመጪ አራት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበትን ቤት) እዪ። የአገራችንን ዕፅዋት በ8 ቅጽ የመዘገበው ሥራ ማዕከሉ እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 አለቀ። 29 ዓመት መሆኑ ነው! ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ ሲሆን ከ10 አንዱ ያህል ከአገራችን ውጭ አይገኝም።

የራስሽንም ናሙና ሰብስቢ። ቅርንጫፉን ከነአበባው በጋዜጣ መሀል ተጫኚው፤ ጋዜጣውን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ክረምት ላይ ሰብስቤ ጋዜጣ መቀየር ታከተኝ። በሳምንቱ ስከፍተው ሁሉም ሻግቷል። መምህሬ አንዴ አሽትተው መለሱልኝ። ቃል እንኳ አልተናገሩም።

ቴሲሴን (የመመረቂያ ጥናቴን) በቀይ ቀበሮ ላይ ልሥራ ብዬ ነበር፤ ብር የለኝም። (ከደብረ ታቦር)

ቀይ ቀበሮ ቆንጆ ነው፤ ለቴሲስ ግን ይከብዳል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ባሌ ነው። ትራንስፖርቱ ብቻ ያደኸይሃል።

አንተ ያለህበት ደቡብ ጎንደር በቤተ ክርስቲያን ደኖች ተከቧል። ዙሪያው እርሻ ነው፣ መሀሉ ላይ ወይራና ጽድ ጨለም ብሎ ይታያል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ዓመታት የደከሙበት ነገር ነው። ከብት የሚገባበት ደን ውስጥ ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ልጆች ግን የሉም፤ ቡቃያው ተረግጦና ተግጦ ያልቃል። ስለዚህ ብዙ ቦታ የድንጋይ ካብ ታጠረ። አንተ አንድ ካብ ያለውና አንድ የሌለው ደን ምረጥ። ቡቃያ ቁጠር። የሚያስፈልግህ ሜትር፣ ገመድ፣ ደብተርና የቄሰ ገበዙ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ሳትይዝ እንዳትገባ። ሲገለጽላቸው ራሳቸው የዛፉን ዕድሜ ይነግሩሃል።

ቤተሰቦቼ ከፓርክ አጠገብ ነው የሚኖሩት። የግጦሽ መሬታችን ተከልክሏል። እኔ ደግሞ የተፈጥሮ ጥበቃ ልማር ነው። አባቴ «ከእነሱ ጋር ገጠምክ?» አለኝ።

ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። አባትህ የሚሉት ነገር አላቸው። ስሜን ተራሮችን ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። ለዋሊያ ደስ ይላል። በመሀሉ ግን የግጭ መንደር ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል። ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን ታሪክ ይነግሩሃል፤ ሁለተኛውን ጠይቀህ ነው የምታገኘው።

ሌላም መንገድ አለ። መንዝ ያለው ጓሳ ለዘመናት የተጠበቀው በሕዝቡ ደንብ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ጊዜው ሲደርስ ብቻ ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ደንቡ ላላ፤ ዛሬም ግን ማኅበረሰቡ ይዞታል፣ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አለ። አባትህን ጠይቃቸው። ድሮ ከብቱ መቼ ይወጣ ነበር? ሣሩን መቼ መንካት ክልክል ነበር? ማን ይቀጣ ነበር? የሚሉህን ጻፈው።

ልጄ ለመስክ ትምህርት ባሌ ልትሄድ ነው። ጫካ ውስጥ ያድራሉ አሉ። ቀበሮውስ? (እናት፣ ከአዳማ)

እማማ፣ ቀይ ቀበሮ ሰው አይነካም፤ ፍልፈልና አይጥ ሲያድን ነው የሚውለው። የሚያሳስበው ብርዱ ነው። የባሌው ሳነቴ አምባ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊት ውሃ ይረጋል። የእርስዎን ጋቢ ይስጧት። ካልሲ ደግሞ ሦስት ጥንድ፤ የመጀመሪያው በመጀመሪያው ቀን ይረጥባል።