ስለ ድሮው የአሰብ መስመር ሹፍርና ለቀረበው ጥያቄ

አንድ ወንድማችን «ስልክም ሆነ አቅጣጫ ጠቋሚ ባልነበረበት ዘመን ከአሰብ አዲስ አበባ ከባድ መኪና እንዴት ይነዳ ነበር? ረዳቱስ መኪና ከማጠብ ሌላ ምን ሥራ ነበረው?» ሲል ለጠየቀው፣ የማውቀውን ልጻፍ። በ1971 ዓ.ም. በረዳትነት ገብቼ፣ ከ5 ዓመት በኋላ መሪ ጨብጬ፣ በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ በዚያው መስመር ሠርቻለሁ።

መንገድ መሳት ችግራችን አልነበረም። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማበር፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያለ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ በአዋሽና በገዋኔ በኩል ዞሮ ሚሌ የሚገባም ነበር። ችግሩ ክብደትና ሙቀት ነበር። ወደ አሰብ ስንወርድ ቡና ወይም የቅባት እህል ከተገኘ እንጭናለን፣ ካልተገኘ ባዶ እንሄዳለን፤ ስንመለስ ግን ፊያት ኤንትሬ የምንለው ከባድ መኪና ከነተሳቢው ማዳበሪያ ወይም ብረት ተሸክሞ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማበር ዋሻ መድረስ አለበት። (በ1977 ዓ.ም. የጫንነው የዕርዳታ እህል አብዛኛው ወሎ ላይ ይራገፍ ስለነበር ጣርማበርን አላየም።)

የረዳቱ ሥራ በትክክል የሚታየው እዚያ ዳገት ላይ ነው። ከሸዋ ሮቢት በኋላ መኪናው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ እግረኛ ሊቀድመው በሚችል ፍጥነት ሲያቃስት፣ ረዳቱ በሩን ከፍቶ መርገጫው ላይ ይቆማል፤ በእጁ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ታኮ አለ። ሹፌሩ ማርሽ ከሳተ ወይም ሞተሩ ከጠፋ፣ ረዳቱ ዘሎ ታኮውን ከተሳቢው የኋላ ጎማ ሥር ይወትፋል፤ ለዚህ ያለው ጊዜ እስከ ሦስት ለመቁጠር እንኳ አይበቃም። ማርሽ መለወጥም እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። ፍሪሲዮን ተረግጦ ማርሹ ዜሮ ይሆናል፣ ፍሪሲዮን ተለቆ ነዳጅ ተሰጥቶ የሞተሩ ድምፅ ይደመጣል፣ ከዚያ ፍሪሲዮን እንደገና ተረግጦ ማርሹ ይገባል። ጆሮ የሌለው ሰው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ይፈጃል።

ቁልቁለቱን በተመለከተ ሕጉ አንድ ነበር፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ይህን የማያከብሩ ግን ነበሩ። ረዳት ሆኜ የሠራሁለት አንድ ሹፌር ናፍታ ቆጥቦ ለመሸጥ ሲል ቁልቁለቱን በዜሮ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን ከደብረ ሲና በታች የፍሬን ሸራው ተቃጥሎ ሽታው ጋቢና ሞላ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ምንም አልያዘም። መኪናውን ከተራራው ጋር እያፋተገ አቆመው፤ በእኔ በኩል ያለው በር ተገነጠለ። የመኪናው ጌታ ስለ በሩ ከእኔ ደመወዝ ቆረጠ፣ ስለ ናፍታው ግን ማንም አልጠየቀም።

ከሚሌ በታች ያለው በረሃ ሌላ ጠባይ አለው። ቀን ላይ አስፋልቱ ጎማ ስለሚያፈነዳ አመሻሽተን ተነስተን ሌሊቱን እንነዳለን። በየማረፊያው ረዳቱ በፌሮ እያንዳንዱን ጎማ ይመታል፤ ደህናው ጎማ ፌሮውን መልሶ ያነጥራል፣ የተነፈሰው ደግሞ ዱብ ብሎ ይቀራል። መንታ ጎማ መካከል የገባ ድንጋይም ይወጣል፣ ካልወጣ ሁለቱንም ይበላልና። ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ የለም፤ በፋኖስ ብርሃን በክሪክ አንስተን፣ ቸርኬውን (ጎማው የሚታሰርበትን ብረት) ፈትተን፣ ካላማዳሪውን (የውስጥ ጎማውን) ለጥፈን፣ ከመኪናው የአየር ጋን በጎማ ቱቦ እንሞላለን። ስንሞላ የቸርኬው ቀለበት ወደ መሬት መዞር አለበት፤ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። የምንጠጣው ውሃ ፊት ለፊት በተንጠለጠለ የሸራ ከረጢት ውስጥ ነበር፣ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል።

ወሬ የሚደርሰን ከፊት ለፊት ከሚመጣ ሹፌር ነው። መብራት ካብለጨለጨ ቆመን መስኮት ለመስኮት እንነጋገራለን፤ ጎርፍ ሚሌ ላይ መንገድ ስለመዝጋቱም ሆነ ልጅ ስለመወለዱ የምንሰማው እንዲሁ ነው። የመጀመሪያ ልጄን መወለድ የሰማሁት ማንዳ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ከወጣሁ በ11ኛው ቀን ነበር፤ የነገረኝ ሹፌርም ወንድ ይሁን ሴት ረስቶት ነበር።