ኖዝሉን ከመለወጥዎ በፊት አየሩን ይለኩ

ወንድማችን፣ የኤምዲኤፍ ካቢኔት በሮችን ሲረጩ ጠርዛቸው ደርቆ እንደሚሻክር፣ መካከላቸው ደግሞ ወፍሮ እንደሚፈስ ገልጸው፣ በ50 ሊትር ኮምፕሬሰር የሚሠሩበትን የኤችቪኤልፒ መርጫ (ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚጠቀም የቀለም መርጫ) ባለ 1.4 ሚሊሜትር ኖዝል (ቀለሙ የሚወጣበት አፍ) በትልቅ መለወጥ ይኖርብዎ እንደሆነ ጠይቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በቤት ዕቃ ቀለም ሥራ ላይ ብዙ ዓመታት ቆይቻለሁና ካየሁት ተነሥቼ የምመልስልዎ ኖዝሉን አይንኩት ብዬ ነው። ከ1.3 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ለላከርና ለመጨረሻ ቀለም ተስማሚ መጠን ነው፤ 1.7 ወይም 1.8 የሚያስፈልገው ወፍራም ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ የመጀመሪያ ሽፋን) ለመርጨት ነው። ኖዝሉን ካሰፉት ያው አየር ከበፊቱ የበዛ ቀለም መበተን ስለሚኖርበት ችግሩ ይብሳል።

በቅድሚያ መታየት ያለበት አየሩ ነው። ብዙዎቻችን ግፊቱን የምናነበው ከኮምፕሬሰሩ ላይ፣ ያውም የመርጫው ምላጭ (በጣት የሚሳበው) ሳይሳብ ነው። ነገር ግን አየሩ በቀጭን ጎማና በጠባብ ማያያዣ ውስጥ ሲያልፍ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ኮምፕሬሰሩ ላይ 3 ባር እያሳየ የመርጫው እጀታ ጋ 2 ባር እንኳ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ከእጀታው ሥር ያስገቡ፤ ምላጩን እስከ መጨረሻው ስበው እንደያዙ ግፊቱን የመርጫው አምራች ወደጻፈው ልክ ያምጡት። በኤችቪኤልፒ መርጫዎች ይህ አብዛኛውን ጊዜ 2 ባር አካባቢ ነው። የጎማው የውስጥ ስፋት 6 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 8 ወይም 10 የሆነ ጎማ መግዛት ከአዲስ ኖዝል የበለጠ ይጠቅምዎታል።

ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗንም አይርሱ። እዚህ ያለው የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ስለሆነ፣ ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር ስስ ነው፤ ታንኩን ለመሙላትም የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ብዙ የኤችቪኤልፒ መርጫዎች በደቂቃ 300 ሊትርና ከዚያም በላይ አየር ስለሚፈጁ፣ ትልቅ በር ሳይጠናቀቅ ግፊቱ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ አንድ በር ረጭተው ታንኩ እስኪሞላ ይጠብቁ። በታንኩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ደግሞ፣ በተለይ በክረምት፣ በየጠዋቱ ያፍስሱ።

ቀለሙን በግምት አያቅጥኑት። ከታች 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው መለኪያ ኩባያ ሞልተው ፈስሶ እስኪያልቅ የሚወስደውን ጊዜ ይቁጠሩና የቀለሙ አምራች ባዘዘው ሰከንድ ልክ ቲነር ይጨምሩ። ከዚያም በማጣሪያ አሳልፈው ወደ መርጫው ያስገቡት።

አሁን ወደ ማስተካከያዎቹ እንምጣ። የስፋት ማስተካከያውን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፤ የመርፌውን ማስተካከያ (የሚወጣውን ቀለም መጠን የሚወስነውን) ግን ዘግተው ቀስ በቀስ ይክፈቱት። ከፊት ያለውን የአየር ቆብ የሚረጨው ቅርጽ አግድም እስኪሆን ያዙሩ፤ በቆመ ካርቶን ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ርቀው፣ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ፣ ቀለሙ መውረድ እስኪጀምር ይርጩ። የወረዱት መስመሮች ርዝመት ከዳር እስከ ዳር ተቀራራቢ ከሆነ መርጫው ተስተካክሏል። የመካከሎቹ ከረዘሙ አየሩ አንሷል ወይም ቀለሙ ወፍሯል አለዚያም በዝቷል፤ የዳሮቹ ከረዘሙ አየሩ በዝቷል ወይም ቀለሙ ከሚገባው በላይ ቀጥኗል። ቅርጹ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የአየር ቆቡን ግማሽ ዙር ያዙሩትና እንደገና ይሞክሩ፤ ዝንባሌው አብሮት ከዞረ የቆቡ ቀዳዳ ተደፍኗል፣ ባለበት ከቀረ ግን ጉድለቱ ከኖዝሉ ነው። ቀዳዳውን በቲነርና በቀጭን እንጨት ያጽዱ፤ ሽቦ ቀዳዳውን ስለሚያበላሸው ፈጽሞ አይጠቀሙ።

ይህን ሙከራ አጥብቄ የምመክርበት ምክንያት የመርጫውን ጉድለት ከእጅ አያያዝ ጉድለት ስለሚለይ ነው። እርስዎ የገለጹት ዓይነት ችግር፣ መስመሮቹ ካርቶኑ ላይ እኩል ሆነው በሩ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ የእጅ አንጓ መዞር ያመጣው ነው፤ መርጫው መካከል ላይ ይቀርባል፣ ዳር ላይ ደግሞ ይርቃል። ክንድዎን ከትከሻ አንቀሳቅሰው ርቀቱን እኩል ያድርጉ፤ ምላጩን በሩ ከመጀመሩ በፊት ይሳቡ፣ በሩን ካለፉ በኋላ ይልቀቁ፤ እያንዳንዱ ምልልስ የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን።

የሚረጩት ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ቀለም ከሆነ፣ በውስጡ ሊኖር የሚችለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ለዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ሊያመጣ ስለሚችልና የጨርቅ ወይም የአቧራ ማስክ ስለማያግደው፣ በደንብ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ቢያንስ የካርቦንና የብናኝ ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ በሚገባ የሚገጥም ማስክ ያድርጉ፤ ልጆችንም ከአጠገብዎ ያርቁ።