26 ቁጥር ይሆነኛል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ቁመቴ 1.65 ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ለሥራ መመላለሻ ሳይክል ፈልጌ ባለሱቁ 26 ቁጥር ይሆንሻል አለኝ» ብለሻል። 26 የጎማው ቁጥር ነው እንጂ የሳይክሉ ልክ አይደለም። በዚያው ጎማ ለአጭርም ለረጅምም ሰው የሚሆን ፍሬም (ጎማ፣ መሪና ኮርቻ የሚገጠሙበት ዋናው የብረት አካል) አለ። ልኩን የሚነግርሽ ኮርቻው የሚገባበት ቋሚ ቱቦ ነው፤ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል ጀምሮ እስከ ቱቦው አፍ በሜትር ለኪው። በማውንቴን ሳይክል ለአንቺ ቁመት ብዙውን ጊዜ ከ38 እስከ 41 ሳንቲ ሜትር (15 ወይም 16 ኢንች) ይስማማል።

ሱቅ ሳትሄጂ እግርሽን ለኪ። ጫማ አውልቀሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖችሽ መሃል እስከ ላይ ጠበቅ አድርጊና ከመጽሐፉ አናት እስከ ወለሉ ያለውን ያዢ። ያንን በ0.883 አባዢው። 76 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 67 ይመጣል፤ ከፔዳሉ መዞሪያ መሃል እስከ ኮርቻው አናት የሚኖረው ከፍታ ይኸው ነው። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ተረከዝሽን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ አድርጊ፤ ጉልበትሽ ቀጥ ማለት አለበት። በእግርሽ ፊተኛ ክፍል ስትረግጪ ትንሽ ይታጠፋል። ዳሌሽ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ኮርቻው ከፍ ብሏል።

እኛ ዘንድ ብዙው ሰው ተቀምጦ ሁለት እግሩ መሬት እንዲነካለት ብሎ ኮርቻውን ያስወርዳል። ጉልበት ከፊት በኩል የሚያመው በዚህ ነው፤ ሲቆም ከኮርቻው ወደ ፊት መውረድ ይበቃል። ኮርቻውን ከፍ ስታደርጊም ኮርቻውን ተሸክሞ ቱቦው ውስጥ የሚገባውን ብረት ምልክት ተመልከቺ፤ «ማክስ» ወይም «ሚኒመም ኢንሰርሽን» የሚለው የከፍታው ገደብ መስመር ከቱቦው ውጭ ከታየ ብረቱ ሊሰበር፣ ፍሬሙም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዋናው ግን መሪው ነው። ክርንሽ ትንሽ ታጥፎ፣ ትከሻሽ ሳይወጠር ካልደረስሽበት ፍሬሙ ረዝሞብሻል ማለት ነው፤ መዳፍ የሚደነዝዘውና ወገብ የሚያመው ከዚያ ነው። ኮርቻውን ወደ ፊት በመግፋት አይታረምም፤ ጉልበትሽን ታበላሺበታለሽ። ኮርቻ ይቀየራል፣ ፍሬም አይቀየርም። በጣም ለስላሳውን ሰፊ ኮርቻም አትመኚ፤ ረጅም መንገድ ላይ ስፖንጁ እየሰመጠ ለስላሳውን ሥጋ ይጫናል።

ሳትከፍዪ ቢያንስ 10 ደቂቃ ንጂው። የፊት ፍሬን ይዘሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፊው፤ መሪው ስር «ቋ» ካለ ኩሽኔታው ላልቷል፣ አስጠብቂው።