ከሥዕል ወደ መዳብ፦ ስለ ህዳሴ ዘመን መንፈሳዊ ሥዕሎች ኅትመት ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የመዳብ ቀራጺው ራፋኤል ሞርገን ያወጣው የሊዮናርዶ «የመጨረሻው እራት» ኅትመት ግርጌ ላይ ሦስት ስሞች አሉ። የማን ሥራ ልበለው?

መልስ፦ የሦስቱም ነው። ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎ ያለችውን የላቲን ቃል ይዩ። «ፒንክሲት» ሥዕሉን የሣለውን፣ «ዴሊኔአቪት» ከሥዕሉ ላይ ለቀራጺው ንድፍ ያወጣውን፣ «ስኩልፕሲት» መዳቡን የቀረጸውን ያመለክታል። «ኤክስኩዲት» ካጋጠመዎት አሳታሚው ነው። ብዙ ጊዜ ቃላቱ አጥረው ነው የሚጻፉት። እዚህ ኅትመት ላይ ቴዎዶሮ ማቴይኒ ሚላን ካለው ግድግዳ ንድፉን አወጣ፣ ሞርገን ያንን ንድፍ ቀረጸ፣ ሥራው በ1800 ወጣ። ግድግዳው ያኔም ክፉኛ ተላልጦ ስለነበር ኅትመቱ ላይ ጥርት ብለው የሚታዩት ፊቶች የማቴይኒ ግምት አለባቸው። ለሊዮናርዶ አሣሣል ማስረጃ አድርጎ መጥቀሱ አያስኬድም።

ጥያቄ፦ ኅትመቱ ላይ ቅዱሱ በግራ እጁ ይባርካል። ስህተት ነው?

መልስ፦ ሳህኑ፣ ማለትም ምስሉ የተቀረጸበት ዝርግ መዳብ፣ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ሲጫን ምስሉ ይገለበጣል። ቀራጺው ቀድሞ ንድፉን ገልብጦ ካልቀረጸ ቀኝ ግራ ይሆናል፤ ብዙዎቹም ለዚህ አልተጨነቁም። ከተገለበጠ ኅትመት ላይ የተቀዳ ሌላ ኅትመት ግን መልሶ ይቃናል። ስለዚህ በአቅጣጫ ብቻ ዋናውን ከቅጂው መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ የቀራጺው የማርካንቶንዮ ራይሞንዲ «ቅድስት ሴሲሊያ» ቦሎኛ ካለው የሠዓሊው የራፋኤል ሥዕል ጋር አይገጥምም። ለምን?

መልስ፦ ይህ ከሁሉ ደስ የሚለው ጉዳይ ነው። ሥዕሉ ላይ መላእክቱ መጽሐፍ ዘርግተው ይዘምራሉ፣ ምድራዊዎቹ የሙዚቃ መሣሪያዎች ተሰባብረው ከቅድስቲቱ እግር ሥር ወድቀዋል። ኅትመቱ ላይ ግን መላእክቱ ራሳቸው መሣሪያ ይጫወታሉ። ማርካንቶንዮ በአብዛኛው የሚቀርጸው ካለቀ ሥዕል ሳይሆን ከራፋኤል አውደ ሥራ ከሚወጣ ንድፍ ነበር። ኅትመቱ የያዘው ራፋኤል በኋላ የለወጠውን የመጀመሪያ ሐሳብ ነው ማለት ነው። የሙዚየም መግለጫ ላይ «የሥዕሉ ቅጂ» ተብሎ ሲጻፍ ቅር ይለኛል፤ «ከራፋኤል ንድፍ» ቢባል እውነት ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ እጄ ላይ ያለው በእጅ የተቀረጸ ይሁን በማሽን የታተመ በምን ልለይ?

መልስ፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይያዙ። ጥላ ያለበትን ቦታ፣ ለምሳሌ የልብስ እጥፋት፣ ይመልከቱ። በቡሪን፣ ማለትም በሹል የብረት መቅረጫ፣ የተሠራ መስመር ጫፉ ቀጥኖ ይጀምራል፣ መሐሉ ላይ ይወፍራል፣ ደግሞ ቀጥኖ ያልቃል። የሚተላለፉት መስመሮች በሚፈጥሯቸው ክፍተቶች መሐል ነጠብጣብ ልታገኙ ትችላላችሁ። ምስሉ በሙሉ በሥርዓት የተደረደሩ ነጥቦች ከሆነ የዘመናችን ኅትመት ነው። የተዘበራረቀ ደቃቅ ፍርፋሪ ካዩ ደግሞ በፎቶግራፍ ዘዴ የተሠራ ሳህን ይጠርጥሩ።

ሳህኑ ወረቀቱ ላይ የተወው የጠርዝ ጉድጓድ ሰዎችን ያታልላል። የፎቶግራፍ ሳህንም ያንኑ ዱካ ይተዋል፤ በሌላ በኩል የድሮ ሰብሳቢዎች ጠርዙን ቆርጠው ስለሚጥሉ እውነተኛው ላይ ላይገኝ ይችላል።

ከዚያ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያንሱት። ወረቀቱ የተሠራበት ወንፊት የሽቦ መስመሮች ከታዩ ጥሩ ምልክት ነው። መስመር የሌለው ለስላሳ የአውሮፓ ወረቀት ከ1750ዎቹ በፊት አልነበረም፤ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የወጣ «ማርካንቶንዮ» ከዘገየ እትም ወይም ከቅጂ አያልፍም።

ጥያቄ፦ የሁለት ሙዚየሞች ልኬት በ4 ሚሊሜትር ይለያያል። የተለያየ ሳህን ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ወረቀት የሚታተመው ረጥቦ ስለሆነ ሲደርቅ ይኮማተራል። መጀመሪያ ግን ሁለቱም የለኩት ሳህኑን ይሁን ወረቀቱን ያጣሩ።

ጥያቄ፦ ቀደም ብሎ የወጣ እትም በምን ይታወቃል?

መልስ፦ መዳብ ያልቃል። በመጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ መስመሮች ናቸው፤ ሰማዩና የፊት ጥላው ግራጫ ሆኖ ከደበዘዘ ሳህኑ ደክሟል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ሳህኖችን በኤሌክትሪክ ስስ ብረት ማልበስ ስለተጀመረ ለዚያ ዘመን ኅትመቶች ይህ መለኪያ አይሠራም። ሳህኑ ግርጌ ላይ ጽሑፍ ከመቀረጹ በፊት የወጡት በጣም ይፈለጋሉ፤ ግርጌው ታጥፎ ወይም ተቆርጦ እንደዚያ እንዲመስል የተደረገም አለ።

ጥያቄ፦ የድሬስደኗን የራፋኤል እመቤታችን ኅትመት በሙዚየም መዝገብ አጣሁት።

መልስ፦ በሠዓሊው ሳይሆን በቀራጺው ስም ይፈልጉ፦ ዮሐን ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሙለር፣ 1816። አባቱም ሙለር የሚባል ቀራጺ ስለነበር አያምታቱ። ለማርካንቶንዮ ደግሞ የባርትሽን ካታሎግ፣ ማለትም አዳም ባርትሽ ያዘጋጀውን የኅትመቶች ዝርዝር፣ ቁጥር ይጠቀሙ፤ ማርካንቶንዮ በ14ኛው ቅጽ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ኢትዮጵያ የደረሰ አለ?

መልስ፦ የሚታወቀው ምሳሌ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ነው፦ በ1590–91 ሮም ላይ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል። ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶንዮ ቴምፔስታ ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአገራችን ወንጌል ሠዓሊዎች ከእነሱ አቀማመጥ ወስደው በራሳቸው መንገድ ሠርተዋል።

ጥያቄ፦ ካርቶን ላይ በፕላስተር ለጥፌ ልሰቅለው አስቤ ነበር።

መልስ፦ ተዉት። የፕላስተሩ ሙጫ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ያቢጫል፤ ተራ ካርቶን ደግሞ በአሲዱ ያቃጥለዋል። ከአሲድ ነጻ በሆነ ካርቶን ላይ፣ በላይኛው ጠርዝ ብቻ፣ በሁለት ትናንሽ የጃፓን ወረቀት ማጠፊያዎችና በስንዴ ስታርች ሙጫ ያንጠልጥሉት። ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይብለጥ፣ መስታወቱም ኅትመቱን አይንካ።