ባሕሩ ዳር ኮንዶ እንግዛ ወይ?

ጥያቄ፦ ሲያትል ነው የምንኖረው። ከሬኒየር ቫሊ ሰፈር ወጥተን መሀል ከተማ አጠገብ ባሕሩ ዳር ባለው ቤልታውን ሰፈር ውስጥ ኮንዶ ልንገዛ ነው። ባለቤቴ ጫጫታውን ፈርታለች፣ እኔ ደግሞ መኪናውን ሸጠን በእግራችን እንኑር ባይ ነኝ። ምን ትሉናላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰፈሩን በጣም እወደዋለሁ። ከ1907 ጀምሮ የሚሠራው ፓይክ ፕሌስ ገበያ በእግር ይደረሳል፤ ዓሣና አትክልታችሁን ገዝታችሁ፣ በ2024 በተከፈተው ሰፊ የእግረኛ መተላለፊያ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ትወርዳላችሁ። ድሮ እኮ እዚያ ባለ ሁለት ደርብ የመኪና ድልድይ ነበር። በ2019 ተዘግቶ ሲፈርስ ሰፈሩ ተነፈሰ።

ባለቤትህ ግን እውነቷን ነው። ዓርብ እኩለ ሌሊት ላይ አብራችሁ ሄዳችሁ ሕንፃው ፊት ቆማችሁ አዳምጡ። ቡና ቤቱ አለ፣ በባሕሩ ዳር የሚያልፈው የጭነት ባቡርም አለ።

መኪናውን አትቸኩልበት። ቀላል ባቡሩ ከዌስትሌክ ጣቢያ ወደ ድሮ ሰፈራችሁም ወደ ኤርፖርትም ይወስዳል፣ ሌሊት ለሚጀመር ቅዳሴ ወይም ድንገት ለሚመጣ ለቅሶ ግን አይሆንም። መጀመሪያ ለሁለት ወር ሳትነዱ ሞክሩት።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ለሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር የሚከፈለው ወርሃዊ የጋራ መዋጮ ነው። ብድሩ ቢያልቅ እንኳ እሱ አያልቅም። ሕንፃው ያረጀ፣ የነዋሪዎቹ ማኅበር መጠባበቂያ ገንዘብ ደግሞ የሳሳ ከሆነ፣ ጣሪያው ወይም ሊፍቱ ሲበላሽ ለእያንዳንዱ ቤት ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል፣ ያውም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የማኅበሩን ሒሳብና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጠይቁ፣ ስለ ውሃ ስርገት የተነሳ ነገር ካለ ደግማችሁ አንብቡት።