የኬንትሮስ ደቂቃና የሰዓት ደቂቃ

ጥያቄ፦ ካርታ ላይ ኬንትሮስ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ ተጽፎ አያለሁ። ይህ ደቂቃ ከሰዓት ደቂቃ ጋር አንድ ነው? የሚለካውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። የኬንትሮስ ደቂቃ የማዕዘን መለኪያ ነው፤ የዲግሪ 60ኛ ክፍል። ሰከንዱ ደግሞ የደቂቃው 60ኛ። ከጊዜ ጋር የሚያገናኛቸው የምድር መሽከርከር ነው። 360 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 15 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ 1 ዲግሪ 4 የሰዓት ደቂቃ፣ 1 የማዕዘን ደቂቃ ደግሞ 4 የሰዓት ሰከንድ ነው።

የመርከበኞች አለካክም ከዚሁ ይነሳል። በግሪንዊች (ኬንትሮስ ከዜሮ መቆጠር የሚጀምርበት የለንደን ስፍራ) ጊዜ የተሞላ ሰዓት ይይዙና ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርስበትን ቅጽበት ይመዘግባሉ። ሰዓቱ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር 09፡20 ካለ፣ ከ12፡00 በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያንሳል፤ ማለትም 40 ዲግሪ ምሥራቅ። ይህ ግን ገና ጥሬ ቁጥር ነው። ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከሰዓት እስከ 16 ደቂቃ ገደማ ስለምትቀድም፣ በሠንጠረዥ ካልታረመ እስከ 4 ዲግሪ ያሳስታል። ሰዓቱ ራሱ በ4 ሰከንድ ብቻ ቢዛባ በምድር ወገብ ላይ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታሉ።

በርቀት ሲታሰብ 1 ዲግሪ በምድር ወገብ 111 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ግማሹ፣ በዋልታ ዜሮ ነው።

ዛሬ መለካቱን ጂፒኤስ ይሠራዋል፤ ስህተቱ የሚመጣው ከአጻጻፍ ነው። 72°30′18″ን 72.3018 ብለው የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። 30ን ለ60፣ 18ን ለ3600 አካፍለው ይደምሩ፤ 72.505 ይሆናል። በምድር ወገብ ላይ ልዩነቱ ከ22 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቦታው ከግሪንዊች በስተምዕራብ ከሆነ የመቀነስ ምልክት ከፊቱ ያድርጉ።